የድሮ ዴስክቶፕና የግራፊክስ ካርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አንደኛው «ድራይቨሩን ከየት ላግኝ?» ሁለተኛው «ካርዱን ብቀይረው ይሻለው ይሆን?» የሚል ነው። ካርዱ የሚባለው የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ዕቃ። የሁለቱም መልስ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ኬዙ ውስጥ ያለውን ዕቃ በትክክለኛ ስሙ ከማወቅ። ይህን ሳያጣራ ዳውንሎድ የጀመረ ሰው ቀኑን ያቃጥላል። ይህን ሳያጣራ ካርድ የገዛ ደግሞ ገንዘቡን ያቃጥላል። ሁለቱንም ደጋግሜ ስላየሁ ነው ይህን የጻፍኩት። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨር ማለት ምንድን ነው?

በዊንዶውስና በካርዱ መሀል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። ካርዱ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አስተርጓሚው ከሌለ ችሎታውን ማሳየት አይችልም።

ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከጫንኩ በኋላ ጽሑፉም አይከኑም ገዘፈብኝ፤ ቪዲዮም ይንቀራፈፋል። ካርዴ ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። የስታርት ምልክቱ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚያ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ስትዘረጉት «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ካያችሁ ካርዳችሁ ድራይቨር የለውም ማለት ነው። ዊንዶውስ ስክሪኑ ጨርሶ እንዳይጨልም ብሎ የራሱን ጊዜያዊ ድራይቨር አስቀምጧል። ይህ ጊዜያዊ ድራይቨር ምስል ከማሳየት አያልፍም። ቪዲዮውን የሚፈታው፣ መስኮቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይሆናል። መንቀራፈፉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ አፕዴትን አንዴ አስነሱትና ጥቂት ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ካላመጣ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እለፉ።

ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለው ካርድ የትኛው እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ድራይቨር ካለው ቀላል ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ስሙ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ችግሩ ድራይቨር ሲጠፋ ስሙም አብሮ መጥፋቱ ነው። ግን ስሙ ቢጠፋም መታወቂያ ቁጥሩ አይጠፋም።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ስም የሌለውን ዕቃ ወይም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚለውን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ግቡ። «ዲቴይልስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና ከተቆልቋዩ ዝርዝር «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጡ። ረዘም ያለ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይመጣል። አያስደንግጣችሁ፤ ከዚያ ውስጥ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች ናቸው፤ እነሱ የሠሪውን ማንነት ይናገራሉ። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው። 1002 ከሆነ ኤኤምዲ ነው። በ10 ጀምሮ በዲ እና በኢ ፊደል የሚጨርስ ከሆነ ደግሞ ኤንቪዲያ ነው። ሁለተኛው «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች ናቸው፤ እነሱ ሞዴሉን ይናገራሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የካርዱ ስም ይወጣል።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ኬዙን ከፍታችሁ የካርዱን ጀርባ ተመልከቱ። ብዙ ካርድ ጀርባው ላይ ሞዴሉና ሴሪያል ቁጥሩ የታተመበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ማራገቢያው ላይ ባለው ሥዕልና በደማቁ ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። አንድ ዓይነት መሸፈኛ ለብዙ ሞዴል ይውላል።

ሞኒተራችሁ የተሰካው ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ጋር ከሆነና ለብቻው የተሰካ ካርድ ከሌለ ግራፊክሱ ያለው ፕሮሰሰሩ ወይም ማዘርቦርዱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ያኔ የምትፈልጉት የፕሮሰሰሩን ሞዴል ነው።

ድራይቨሩን ከየት ላውርድ?

ለብቻው የሚሰካ ካርድ ከሆነ በቀጥታ ከቺፑ ሠሪ ነው፤ ከኤንቪዲያ፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኢንቴል ድረ ገጽ። ካርዱ ላይ የታተመው የሌላ ኩባንያ ስም አያሳስባችሁ። ያ ኩባንያ ቺፑን ገዝቶ ሰሌዳውንና ማራገቢያውን የሠራ ነው። ድራይቨሩ የሚሄደው ከቺፑ ጋር ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኤቲአይ የሚባለውን ኩባንያ ኤኤምዲ በ2006 ገዝቶታል። ስለዚህ ካርዳችሁ ላይ ኤቲአይ የሚል ካለ የምትሄዱት ወደ ኤኤምዲ ነው።

ግራፊክሱ ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ሠሪ ድረ ገጽ እዩ። የሞዴል ቁጥሩን ስታስገቡ ለዚያ ማሽን የተዘጋጀውን ድራይቨር ያወጣላችኋል።

እዚያም ከጠፋ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ ቦታ አለ፤ የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ። ከላይ ያገኛችሁትን መታወቂያ ቁጥር መፈለጊያው ላይ ፔስት ስታደርጉት ማይክሮሶፍት ያስቀመጣቸውን ድራይቨሮች ከነቀናቸው ይዘረዝራል። የሚወርደው ፋይል በካብ ዓይነት የታሸገ ነው። ፎልደር ውስጥ ትፈቱትና ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «አፕዴት ድራይቨር» ብላችሁ፣ ከኮምፒውተሬ ልፈልግ የሚለውን መርጣችሁ ያንን ፎልደር ታሳዩታላችሁ።

ትንሽ ነገር ግን ጊዜ የምትበላ፦ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲዛባ ብራውዘሩ ደህነኛውን ድረ ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋባችኋል። ሰው ድረ ገጹን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነው። ቀኑን አስተካክሉ። ባትሪዋንም ቀይሯት፤ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት።

በአንዴ ሁሉንም ድራይቨር አፕዴት እናደርጋለን የሚሉ ፕሮግራሞችስ?

እኔ አልጠቀምባቸውም፤ ለማንም አልመክርም። ብዙዎቹ ያልጠየቃችሁትን ሌላ ፕሮግራም ይዘው ይገባሉ። ወይም «ሃያ ድራይቨር አርጅቷል» ብለው አስደንግጠው ገንዘብ ይጠይቃሉ። የማይሆን ድራይቨር የሚጭኑም አሉ። ያለ እነሱ የሚፈለገው ነገር ሁሉ በነጻ ይገኛል።

ካርዴ በጣም አርጅቷል። እስከ አሁን ድራይቨር ይወጣለታል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ ድራይቨር ስለማይወጣለት ድራይቨር የለውም ብሎ ያስባል። አይደለም። ለእያንዳንዱ የካርድ ትውልድ የመጨረሻ የተባለ ድራይቨር አለ፤ ፍለጋችሁም እሱን ለማግኘት ነው። እሱን ካገኛችሁ ከዚያ በላይ አትልፉ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የወጣው ካርዳችሁን አያውቀውም።

ከኤንቪዲያ እንጀምር። ጂፎርስ 8፣ 9፣ 200 እና 300 የሚባሉት የመጨረሻ ድራይቨራቸው 342.01 ነው፤ በ2016 መጨረሻ ወጣ። ፈርሚ የሚባለው ትውልድ፣ ማለትም የ400 እና የ500 ካርዶች፣ በ391.35 አበቃ፤ እሱ የ2018 ነው። ሁለቱም ዊንዶውስ 10 ላይ ይሠራሉ። ኬፕለር የሚባለውና አብዛኞቹን የ600 እና የ700 ካርዶች የያዘው ትውልድ በ2021 ከዋናው ድራይቨር ወጣ። እስከ 2024 ድረስ የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ሲወጣለት ቆየ። ማክስዌልና ፓስካል፣ ማለትም 750 ቲአይ፣ የ900 እና የ1000 ካርዶች፣ በኦክቶበር 2025 ከዋናው መስመር ወጥተዋል። የደህንነት ማስተካከያው ግን እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚቀጥል ኩባንያው አሳውቋል።

ኤኤምዲ ዘንድ፣ ሬዲዮን ኤችዲ 5000 እና 6000 በ2015 ወደ ጡረታ ገቡ። በሙሉ ማረጋገጫ የወጣላቸው የመጨረሻው 15.7.1 ነው። ከዚያ በኋላ 16.2.1 የሚባል የሙከራ ድራይቨር አለ። ከ7700 ጀምሮ ያሉት ኤችዲ 7000፣ እንዲሁም አር 7 እና አር 9 የ200 እና የ300 ካርዶች፣ በ2021 ዋናው ድጋፍ ቆመባቸው። በ2022 ደግሞ 22.6.1 የሚባል አንድ ተጨማሪ ወጣላቸው። ኤችዲ 4000 እና ከዚያ በፊት ያሉት ላይ ለዊንዶውስ 10 ብሎ ኤኤምዲ ያወጣው ድራይቨር የለም። ዊንዶውስ አፕዴት የሚያመጣው አንድ የቆየ አለ፤ እሱን ተቀበሉት።

ስሙ ላይ አትተማመኑ። ጂቲ 730 የሚባል ካርድ አንዱ በፈርሚ ቺፕ ሌላው በኬፕለር ቺፕ ተሠርቷል። ሁለቱም ካርቶን ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ለዚህ ነው ጂፒዩ ዚ የምትባለዋን ትንሽ ነጻ ፕሮግራም የምወዳት። ቺፑን በትክክለኛ መጠሪያው ትነግራችኋለች።

32 ቢት ዊንዶውስ ነው ያለኝ። ችግር አለው?

አለው። ኤንቪዲያ ለ32 ቢት ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ390 ተከታታዩ ነው። ፕሮሰሰራችሁ 64 ቢት ከሆነ፣ ከ2008 ወዲህ በተሠራ ዴስክቶፕ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነው፣ ዊንዶውሱን በ64 ቢት እንደ አዲስ ጫኑት።

አዲስ ድራይቨር ጫንኩና ባሰብኝ። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱ ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ «ድራይቨር» የሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል አለ። የቀድሞውን ይመልስላችኋል።

ካልሆነ ከስሩ ማጽዳት ነው። ዲዲዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው የግራፊክስ ድራይቨርን ርዝራዥ ሳያስቀር መጥረግ ነው። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። የሚያስፈልጋችሁን ድራይቨር ቀድማችሁ አውርዱና አስቀምጡ። ከዚያ የኢንተርኔቱን ኬብል ንቀሉ ወይም ዋይፋዩን አጥፉ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ዋናዋ ግን እሷ ናት። ኢንተርኔት ካለ እናንተ አጽድታችሁ ሳትጨርሱ ዊንዶውስ አፕዴት ያንኑ ያጣላችሁን ድራይቨር መልሶ ይጭነዋል። ቀጥሎ የሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ «ሪስታርት» በሉና ወደ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በትንሹ ነገር ብቻ ወደሚነሳበት ሁኔታ) ግቡ። ዲዲዩን አስነሱ፣ አጽዱ፣ በደንብ ሲነሳ ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁትን ጫኑ። ኢንተርኔቱን ከዚያ በኋላ መልሱት።

ዲቫይስ ማናጀር ላይ «ኮድ 43» የሚል ከወጣ ዊንዶውስ ካርዱ ችግር ስላሳወቀኝ አቆምኩት እያለ ነው። ማጽዳቱን አንዴ ሞክሩ። ከንጹሕ ድራይቨር በኋላም ከቀጠለ፣ በተለይ ስክሪኑ ላይ መስመርና ባለ ቀለም ነጠብጣብ ከታየ፣ ካርዱ ራሱ ሊሞት ነው። ያኔ ሌላ ድራይቨር እያሳደዱ ማምሸት ትርፉ ድካም ነው።

ካርዱን ብቀይረው ኮምፒውተሬ ይፈጥናል?

ምኑ እንደዘገየ ይወስነዋል። ኮምፒውተሩ ለመነሳት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ ፎልደር ሲከፈት የሚያቃስት ከሆነ ካርድ አያድነውም። የሚፈልገው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ነው። ብራውዘር ላይ አራት ገጽ ሲከፈት የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ራም ነው። እኔ ካርድ ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «የዲስኩ ዓይነት ምንድን ነው?» የሚል ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ እንዲያውል እነግረዋለሁ።

ካርድ የሚረዳው ለጌም፣ ለሦስት ገጽታ ንድፍ፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ሁለት ሦስት ሞኒተር ለመሰካት ነው። አንድ ሌላም አለ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የምናየው ቪዲዮ በብዛት የሚታሸገው ቪፒ 9 እና ኤቪ 1 በሚባሉ ዘዴዎች ነው። የድሮ ካርድ እነዚህን መፍታት ስለማይችል ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ደርሶ ማራገቢያው ሲጮህ የምትሰሙት ለዚህ ነው። የፓስካል ትውልድ ካርዶች ቪፒ 9ን ይፈታሉ። ኤቪ 1ን ግን አይፈቱም።

ማዘርቦርዴ አዲስ ካርድ ይቀበላል?

ከ2004 በኋላ የተሠራ ከሆነ የመቀበል ዕድሉ ትልቅ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ኤጂፒ የሚባል ስሎት (ካርዱ የሚሰካበት ቦታ) ነው። ኤጂፒ ካላችሁ አዲስ ካርድ አይገባም፤ ቅርጹም ኤሌክትሪኩም ሌላ ነው። ያንን ማሽን ባለበት ተጠቀሙበት።

ስሎቱ ከኤጂፒ በኋላ የመጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሆነ ደስ የሚል ነገር አለው። ትውልዶቹ እርስ በርስ ይግባባሉ። የትውልድ 3 ካርድ ትውልድ 2 ስሎት ውስጥ ይሠራል፤ ፍጥነቱን ዝቅ ወዳለው ያወርዳል እንጂ እምቢ አይልም። ነገር ግን አንዳንድ አዲስ ርካሽ ካርዶች ከስሎቱ የመረጃ መስመሮች የሚጠቀሙት አራቱን ብቻ ነው። ሬዲዮን አርኤክስ 6400 አንዱ ነው። በትውልድ 4 ማዘርቦርድ ላይ አራት መስመር ይበቃዋል። በትውልድ 2 ላይ ግን የመንገዱ ስፋት ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህ ጌም ላይ በዓይን ይታያል።

ፓወር ሰፕላዬ ይችለዋል?

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ፓወር ሰፕላይ ለኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው።

ስሎቱ ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ጎኑ ላይ መሰኪያ አለው። ባለ ስድስት እግሩ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ ስምንቱ 150 ዋት ያቀብላል። ከፋብሪካ ተገጣጥመው የመጡ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ ነው ያላቸው። እነዚህ መሰኪያዎችም የሏቸውም።

አንድ ጊዜ የዘመድ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ካርድ ልገጥም ተቀመጥኩ። ካርዱ ባለ ስድስት እግር መሰኪያ ነበረው፤ ፓወር ሰፕላዩ ግን አልነበረውም። ሻጩ አብሮ የሰጠው መቀየሪያ ኬብል ነበር፤ ገጠምነው። ዴስክቶፑ ላይ ምንም አላለም። ጌሙ በተከፈተ በሦስተኛው ደቂቃ ቀጥ አለ። እንደገና አስነሳን፤ እንደገና ቀጥ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድራይቨር ስንቀያይር አመሸን። የማታ ማታ ኬዙን በጎኑ አስተኝቼ የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት በስልክ መብራት አነበብኩት። ጠቅላላው 240 ዋት ይላል። 12 ቮልት በሚለው መስመር ሥር ያለው አምፔር ግን 14 ብቻ ነበር። 14ን በ12 ስታበዙት 168 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዱም ከዚያችው ነው የሚጠጡት። ድራይቨሩ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ስለዚህ ደማቁን ቁጥር ሳይሆን የ12 ቮልቱን መስመር አንብቡ። ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ካሰባችሁ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ቁጠሩ። ባለ 24 እግር ከሆነ መደበኛው ይገባል። አንዳንድ ኮምፒውተር ሠሪዎች የራሳቸውን የተለየ መሰኪያ ስለሚጠቀሙ የተለመደው አይገባም።

ኬዜ ቀጭን ነው። ምን አማራጭ አለኝ?

«ሎው ፕሮፋይል» የሚባሉ አጫጭር ካርዶች አሉ። ካርዱ ብቻ ሳይሆን የሚታሰርበት ብረትም አጭር መሆን አለበት። ስትገዙ አጭሩ ብረት ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን እዩ። ርዝመቱንም በማስመሪያ ለኩ፤ ከኋላው ብረት ጀምሮ እስከ ሃርድ ዲስኩ መያዣ ድረስ።

ለአሮጌ ዴስክቶፕ የትኞቹን ካርዶች ትመክራለህ?

ተጨማሪ መሰኪያ የማይፈልጉትን ብቻ እጠቅሳለሁ፤ ለአሮጌ ማሽን ሰላም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ጂፎርስ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ የ2014 ነው፤ 60 ዋት ይበላል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የ2016 ነው፤ 75 ዋት፣ 4 ጊጋባይት። ለብዙ የቢሮ ማሽን የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ግን መሰኪያ ጨምረው የሠሩት አምራቾች ስላሉ ፎቶውን እዩ። ጂቲ 1030 ደግሞ 30 ዋት ብቻ ነው። ለቪዲዮና ለቀላል ሥራ ግሩም ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። በ2018 በዚሁ ስም ዲዲአር 4 ሜሞሪ ያለው ወጣ። የመጀመሪያው ጂዲዲአር 5 ሲሆን ሜሞሪው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል። የኋለኛው ከ17 አይበልጥም። ካርቶኑን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ በ2024 የወጣ ነው፤ 70 ዋት ነው፣ ኤቪ 1ንም ይፈታል። ፕሮሰሰራችሁ ደህና ከሆነ ይህን አስቡበት።

የኢንቴል አርክ ካርዶችን ለአሮጌ ማሽን አልመክርም። ሪሳይዘብል ባር የሚባል የማዘርቦርድ ችሎታ ካላገኙ አቅማቸው በጣም ይወርዳል። አሮጌ ማዘርቦርድ ደግሞ ያ የለውም።

ያገለገለ ካርድ ስገዛ ምን ልይ?

ሲሠራ እዩት። ጂፒዩ ዚን ክፈቱበት። የድሮ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል፤ የፈርሚ ዘመን ካርድ 1050 ቲአይ ነኝ ብሎ ሲመጣ ታይቷል። ጂፒዩ ዚ እንዲህ ያለውን ሲያውቅ ስሙ ፊት «ፌክ» ብላ ትጽፍበታለች። ሌላው ምልክት የስክሪን መሰኪያው ነው። እውነተኛ 1050 ቲአይ ላይ ሰማያዊው ቪጂኤ ቀዳዳ አይኖርም። ካለ ጥላችሁ ሂዱ።

ሞኒተሬ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው።

ኤንቪዲያ ከ1000 ተከታታይ ጀምሮ ቪጂኤ የሚጠቀምበትን የአናሎግ ምልክት ከካርዱ አስቀርቷል። ስለዚህ ዲቪአይን ወደ ቪጂኤ የምትቀይረዋ ተራ ማስተላለፊያ አትሠራም፤ እግሮቿም አይገቡም። ውስጡ ቺፕ ያለው፣ ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አክቲቭ መቀየሪያ ግዙ።

ካርዱን ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የኤሌክትሪኩን ገመድ ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። የኬዙን ብረት ነክታችሁ ጀምሩ። የድሮውን ካርድ ስታወጡ የኋላውን ብሎን ፈትታችሁ አትጎትቱ። ስሎቱ ጫፍ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ አለች፤ ካርዱ ስለሚሸፍናት አትታይም። በጣታችሁ ፈልጋችሁ ተጫኗት ወይም ወደ ጎን ግፏት። ይህችን ሳያውቁ ጎትተው ስሎቱን የነቀሉ ሰዎች አይቻለሁ። አዲሱን ስታስገቡ ቀጥ አድርጋችሁ በሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫኑ። መያዣዋ «ቀጭ» ስትል ገብቷል። ብሎኑን መልሱ።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹ፤ ፍርፋሪውን አራግፉ። «ሞቷል» የተባለ ካርድ በዚህ ብቻ ሲነሳ አይቻለሁ።

ገጠምኩት፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

የሞኒተሩ ኬብል የት ነው የተሰካው? ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ወደ ካርዱ አዛውሩት። ከምታስቡት በላይ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው። ቀጥሎ የካርዱን የኃይል መሰኪያ እዩ። ከዚያ ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ነገሩ የማዘርቦርዱ ባዮስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም። ድሮ የነበረው ባዮስ ነው፤ ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2012 ገደማ ወዲህ ዩኢኤፍአይ ተለመደ። በሁለቱ ዘመን ወሰን ላይ ያሉ የፋብሪካ ኮምፒውተሮች አንዳንዴ አዲስ ካርድ አይተው አይነሱም። የድሮውን ካርድ መልሱና ከኮምፒውተሩ ሠሪ ድረ ገጽ የባዮስ አፕዴት ፈልጉ። አፕዴቱ ሲሄድ መብራት እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ። በተቃራኒው የድሮ ካርድ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አልነሳ ካለ፣ ባዮሱ ውስጥ ያለውን፣ የድሮውን አነሳስ የሚፈቅደውን ሲኤስኤም የሚባል ሴቲንግ አብሩት።

በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ብጭንስ?

ለኤኤምዲና ለኢንቴል የድሮ ግራፊክስ በጣም ጥሩ ነው። ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር ስለሚመጣ ፍለጋ የለም። ዊንዶውስ የተዋቸው ካርዶችም እዚያ ይኖራሉ። ለድሮ ኤንቪዲያ ትንሽ ያስቸግራል። አብሮ የሚመጣው ኑቮ የሚባለው ድራይቨር ምስል ያሳያል እንጂ ብዙ ካርድ ላይ ሙሉ ፍጥነት አያወጣም። የኩባንያው የቆዩ ድራይቨሮች ደግሞ አዳዲስ ከርነል (የሊኑክሱ እምብርት) ላይ እየተቸገሩ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽናችሁ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነ ይህን መንገድ በቁም ነገር አስቡበት።

የወጣውን የድሮ ካርድ ምን ላድርገው?

የሚሠራ ከሆነ አትጣሉት። ስታቲክ በማይዝ ከረጢት ውስጥ አድርጉና አስቀምጡት። አዲሱ አንድ ቀን ስክሪን አላሳይ ሲል ጥፋቱ የካርዱ ይሁን የማዘርቦርዱ የምትለዩት ያንን መልሳችሁ ሰክታችሁ ነው። ከረጢቱ ላይ የሞዴሉን ስምና የመጨረሻ ድራይቨሩን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፉበት።